ሦስት ጣት ያደግንበት ሩፋኤል

በ2001 ዓ.ም. ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መላው ቤተሰባችን በአንድ ጊዜ ሦስት ጣት አደገ።

እኔ ስምንት ዓመቴ ስለነበር ማደጌ ብዙም አያስገርምም። ወንድሜ አምሃ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እሱ እንዲያውም ከሦስት አልፏል፤ የእሱም አያስገርምም። እናቴ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ሃምሳ ሁለት። እነሱም ሦስት ጣት አደጉ። ጭረቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህርቷ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍን ስትጠይቀን ይህንኑ ተነሥቼ ተናገርኩ። “ጎሽ፣ ተቀመጪ” አለችኝ። እንዳላመነችኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ወለሉ አፈር ነበር፤ ጣራው በክረምት እርስ በርሳችን እንዳንሰማማ አድርጎ የሚጮኽ ቆርቆሮ። የሚያኮራው ነገር የበሩ መቃን ብቻ ነበር፤ ከአንድ ወጥ ጽድ የተጠረበ ነው። አባቴ በየዓመቱ በሩፋኤል ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ እኔንና አምሃን በዚያ መቃን ላይ ጀርባችንን አስደግፎ ይለካናል። በራሳችን ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለውን የሥራ መዝገቡን አጋድሞ ያስቀምጥና በቢላዋ ይጭራል። ከዚያ ሁላችንም አልጋው ጠርዝ ላይ እንደረደርና በየተራ “ዘንድሮ ምን ደስ አለህ? ምን ደስ አለሽ?” ይለናል። ሕግ ነበረው፤ ትልቅ ነገር መናገር አይፈቀድም። “ትልቅ ትልቁን ለእግዚአብሔር ንገሩት” ይላል። “ለእኔ ትንሿን ንገሩኝ።”

አባቴ ዓምደ ሚካኤል የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ክረምት ከበጋ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ከግቢ ግቢ ይዞራል፤ የቆጣሪውን ክዳን ከፍቶ፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ቁጥሩን ይጽፋል። የሚለምነው ሰው አይጠፋም። “ጋሽ ዓምዴ፣ ዘንድሮ እንኳ ቀነስ አድርገው ይጻፉልን” ይሉታል። የእሱ መልስ አንድ ነው፦ “ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም።” አንድ ጊዜ የእኛው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ቀን ሲፈስ ቆይቶ፣ የራሱን ቆጣሪ ራሱ አንብቦ ያንን ሁሉ ቁጥር ጻፈው። እናቴ ሥርጉት ራሷን ይዛ “ለገዛ ቤትህ እንኳ አትራራም?” አለችው። “ቁጥር ዘመድ የለውም” አላት። ይህን አባባል ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌው ነበር።

ችግሩ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ሩፋኤል ነው። አባቴ ሲለካኝ አዲሱ ጭረት ካምናው ጭረት ላይ አረፈ። ቢላዋው የቆየውን ስንጥቅ ተከትሎ ሄደ። አባቴ መዝገቡን አንሥቶ እንደገና አስቀመጠው፤ ያው ነው። አምሃ ከእኔ የሚያንሰው በሦስት ጣት ብቻ ሆኖ ነበር፤ ያን ቀን ሙሉ ከጎኔ ሳይርቅ ትከሻውን ከትከሻዬ ሲያስተያይ ዋለ።

ከዚያ የቀጣዩ ዓመት ሐምሌ መጣ። እናቴ ጤና ጣቢያ ወስዳኝ ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ዶፍ እየወረደ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ቆርቆሮው ፋታ በሰጠ ቁጥር የሚሉትን እሰማለሁ።

“ነርሷ ካርዱን አሳየችኝ” አለች እናቴ። “የሌላው ልጅ መስመር ሽቅብ ይሄዳል፤ የእሷ ተኝቷል።”

“የዘር ነው። እናቴ አጭር ነበረች።”

“እናትህ አጭር የሆኑት በልጅነታቸው ስላልበሉ ነው።”

ዝናቡ የአባቴን መልስ ወሰደው።

“ጋዲሴ ሁለት ላም አላት” አለች እናቴ ቆይታ። “አንድ ዓመት ብቻ ትሁን። እዚያ ወተት አለ።”

“ልጄን ለወተት ብዬ አልሰጥም።”

“ማን ስጥ አለህ? ክርስትና እናቷ እኮ ናት። ለባዕድ ነው እንዴ?”

አባቴ ሲመልስ ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆኖ ነበር። “እንግዲያው በሩፋኤል እንለካታለን። ካምናው ጭረት ሁለት ጣት ካለፈች ትቀራለች። ካላለፈች ጋዲሴ ትውሰዳት።”

“ማልልኝ።”

“ያየሁትን ነው የምናገረው። ምን ያስምለኛል?”

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የግንበኛው የቢራቱ ውሻ አምስት ቡችሎች ወልዳ፣ ቢራቱ ትንሿን አንሥቶ ለአንድ ዘበኛ ሰጥቷት ነበር። “ለምን እሷን?” ብዬው “ያላደገው ነው የሚሰጥ፤ ሌላውን ለቤት ታስቀሪያለሽ” ብሎኛል። ስለዚህ የእኔም ጉዳይ ከዚያ የተለየ አልመሰለኝም። ቤተሰቤ ልጆቹን አይቶ ትንሿን ሊሰጥ ነው። እናቴ ደግሞ የሰጪው ወገን ናት፤ አባቴ የፍርዱ። በእናቴ ላይ ቂም ያዝኩ። ምሳ ስታቀርብልን “እናንተ ብሉ፣ እኔ ጾም ነኝ” ስትለን ‘ለእኔ ሳታዝን ትጾማለች’ እያልኩ በልቤ አማት ነበር።

በቅርቡ የዚያን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ፈልጌ አየሁ። እናቴ በዚያ ክረምት ጾም ናት ብዬ ከማስታውሳቸው ቀኖች የሚበዙት ጾም አይደሉም።

ሁለት ጣት ለማደግ አንድ ወር ተኩል ነበረኝ። ከግቢያችን ኮክ ዛፍ ላይ በሁለት እጄ እንጠለጠላለሁ፤ አምሃ እግሬን ይጎትታል። ተክል የሚያድገው በውሃ ነው ብዬ ከቧንቧው እየቀዳሁ በብርጭቆ በብርጭቆ እጋት ነበር። ስተኛ እንዳልኮራመት ጉልበቴን በነጠላ አስሬ አድራለሁ። አምሃ ረዳቴም ተቀናቃኜም ነበር።

“ስትሄጂ አልጋሽን እወስዳለሁ” አለኝ አንድ ቀን፣ እግሬን እንደያዘ።

“አልሄድም። ጎትት።”

“ትሄጃለሽ። ላም ታጥቢያለሽ።”

“ላም አይታጠብም።”

“የእማማ ጋዲሴ ይታጠባል። ቂጡንም ጭምር።”

እጄን ለቅቄ ላዩ ላይ ወደቅኩበት። ሁለታችንም በጭቃ ተለውሰን ስንገባ እናቴ ሳታየን “አፈር! ይኼ ቤት አፈር ብቻ!” እያለች ከበር የገባውን ጎርፍ በቆርቆሮ እየዛቀች ታወጣ ነበር። ወለሉን ሲሚንቶ አስደርግልኝ እያለች አባቴን ስትለምን አሥር ዓመት ሆኗታል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባቴ ቢራቱን ጠርቶ አመጣው። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ቢራቱ ከበሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ፣ ሰማዩን አየ።

“ጋሽ ዓምዴ፣ በዚህ ክረምት ሲሚንቶ? መስከረም ይጥባ እንጂ። አይደርቅልዎትም።”

“ከሩፋኤል በፊት መድረቅ አለበት።”

“ምን አስቸኮለዎት?”

“ውሃው እየገባ ነው።”

“ውሃውማ እኔ እዚህ ሰፈር ሳልመጣም ይገባ ነበር።”

“አሁን ሰለቸኝ።”

ቢራቱ ሳቀ። “እሺ፣ ምን ያህል ከፍ ይበል?”

አባቴ አጎነበሰና ከመቃኑ ሥር፣ ከአፈሩ ጀምሮ ጣቶቹን ደረደረ። መጀመሪያ ሁለት ጣት አስቀመጠ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድ ጨመረ።

“ሦስት ጣት።”

“ለውሃው አራት ይሻላል።”

“አራት ይበዛል። አራት ቢሆን ማንም አያምንም።”

“ማን ነው የማያምነው? ውሃው?” አለ ቢራቱ። አባቴ የጣቶቹን አፈር አራገፈ።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ የሩፋኤል ዝናብ ቤታችን እንዳይገባ እየከለከለ ነው። የሚያሳድገውን ዝናብ! አዘንኩበት። ያን ዕለት ማታ ልነግረው አስቤ አፈርኩ።

ሲሚንቶው ፈሰሰ። እስኪደርቅ ሦስት ቀን ቢራቱ ቤት አደርን፤ አባቴ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ከሰል አቀጣጥሎ ከባዶው ክፍል ያስቀምጥና ወለሉን በመዳፉ እየዳበሰ ይቆያል። በሩ ወደ ውስጥ አልከፈት ስላለ ቢራቱ ከሥሩ በመጋዝ ቆረጠው፤ ቁራጩን አምሃ ሰይፍ አደረገው። እናቴ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተራመደች። ከዚያ የቢራቱን ትከሻ ሳመች። አባቴን አልሳመችውም፤ ግን ያን ሳምንት ሁሉ “ዓምዴ” ስትለው ድምፅዋ ሌላ ነበር።

ሩፋኤል ደረሰ። እማማ ጋዲሴ ጠዋት መጣች። ቤቷ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ነው፤ ስትመጣ የቅጠሉ ሽታ አብሯት ይገባል። በሁለት ሃይላንድ ወተት ይዛለች። ከቅርጫቷ ደግሞ አንድ ጥንድ ሰማያዊ ቦቲ አወጣች፤ የልጅ ነው።

“ለመንገዱ ነው” አለችኝ። “እላይ ጭቃው ክፉ ነው። ሰፋ ይልሻል፤ ታድጊበታለሽ።”

እንዲህ ያለ ቦቲ ከዚያ በፊት አልነበረኝም። እግሬን ላስገባ ዳዳኝና ወጥመድ እንዳይሆን ፈርቼ እጄን ሰበሰብኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ወጣ። “ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!” ዳገቱ ጮኸ። ሌሎቹ ለጨዋታ ነበር የሚጮኹት፤ እኔ ጉዳይ ነበረኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ አንድ ቦታ ቆምኩ። ጠብታው ሁሉ እኔ ላይ እንዲወድቅ ከቆርቆሮው ፍሳሽ ሥር ሄድኩ። አምሃ በርዶት ገባ። ሌሎቹም ገቡ። እኔ ከንፈሬ ጠቁሮ ጥርሴ እየተንገጫገጨ “አሳድገኝ” ማለት ሲያቅተኝ “አሳ... አሳ...” እላለሁ።

“ኮቱ፣ ልጄ! ኮቱ፣ ነይ!” እያለች እማማ ጋዲሴ በነጠላዋ ጠቅልላ ተሸክማኝ ገባች። “ይቺ ልጅ ዓሣ ልትሆን ነው እንዴ!”

ደረቅ ልብስ ለበስኩ። መቃኑ ጋ ቆምኩ። ሲሚንቶው ለውስጥ እግሬ ይቀዘቅዛል። አባቴ መዝገቡን ራሴ ላይ አስቀመጠ።

“ተረከዝሽን አታንሺ” አለ።

“አላነሣሁም።”

ቢላዋው ጫረ። ወጣሁና ዞሬ አየሁ። አዲሱ ጭረት ከአሮጌው በላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። አባቴ ጣቶቹን በመሃላቸው ደረደረ።

“አንድ” አለ። “ሁለት።” ቆመ። “ሦስት።”

እማማ ጋዲሴ እልል አለች። እኔ እናቴን ነው ያየሁት። እናቴ መቃኑን እያየች ነበር።

አምሃ ተለካ፤ አምስት ጣት። “በለጥኳት?” አለ። አሁንም ከእሷ ታንሳለህ ሲባል አለቀሰ።

“በቃ” አለ አባቴ ቢላዋውን እያጠፈ። “ቁጥሩ ይኸው።”

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “እኔንም ለካኝ” አለች።

“አንቺን ምን ሊሠራ?”

“ለካኝ አልኩህ። በሠርጋችን ዓመት ለክተኸኝ የለ? ጭረቴ ይኸውና።”

እውነት ነበር፤ ከላይ ሁለት የቆዩ ጭረቶች ነበሩ፣ የእሷና የእሱ፣ ለጨዋታ የተጫሩ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ከመቃኑ ተጠጋች። አባቴ መዝገቡን ይዞ ቆሞ ቀረ። እማማ ጋዲሴ “ምን ቸገረህ፣ ለካት እንጂ” አለችው። ለካት። ጫረ። እናቴ ዞር ብላ የራሷን ጣቶች በመሃላቸው ደረደረች። ሦስት።

“ወይ ጉድ! ሥርጉት፣ አንቺም?” አለች እማማ ጋዲሴ።

“አዎ፣ እኔም። ዓምዴ፣ አንተም ቁም።”

“እኔ ደግሞ...”

“ቁም።”

አባቴ ቆመ። የለካችው እሷ ናት፤ አልጋ ላይ ወጥታ። ሦስት ጣት። አምሃ ለቅሶውን ረስቶ አጨበጨበ። እማማ ጋዲሴ ሆዷን ይዛ “ኧረ እኔስ ቶሎ ልሂድ! እዚህ ብውል በሩ አያስወጣኝም!” አለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ሩፋኤልን ይህን ያህል አልጠየቅኩትም ነበር፣ ለእኔ ብቻ ነበር የለመንኩት እያልኩ አስብ ነበር። ምናልባት ብዙ ውሃ ይዤ ስገባ ሁሉንም ነካካኋቸው።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቆይታ፣

“ዓምዴ” አለች።

“አቤት።”

“ያየኸውን ነው የምትናገረው?”

አባቴ ወለሉን አየ። “ያየሁትን።”

“እሺ። ትቅር።”

በእናቴ ዓይን እንባ ነበር፤ በእኔ ማደግ የተደሰተች መስሎኝ ቂሜን ሁሉ ተውኩላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ጊዜ ምን እያሰበች እንደነበር ጠየቅኳት። “ከየካ ሚካኤል ጋዲሴ ቤት ድረስ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ” አለችኝ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ተደረደርን። አምሃ ምን እንዳስደሰተው ሲጠየቅ “ሰይፌ” አለ። እማማ ጋዲሴ “ጉልበቴ፤ ዘንድሮ ዳገቱን አልፈራም” አለች። እኔ “ዝናቡ” አልኩ። አባቴ “ሲሚንቶው መድረቁ” አለ። እናቴ የመጨረሻዋ ነበረች።

“ወለሉ” አለች። አባቴን አላየችውም።

እማማ ጋዲሴ ስትሄድ ቦቲውን ትታልኝ ሄደች፤ “አድጋ የለ፣ ይሆናታል” ብላ። አልሆነኝም፤ ይሰፋኝ ነበር። በጫፉ ጨርቅ ጠቅጥቄ አደረግኩት።

ማደጋችንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በየቀኑ ይመጣ ነበር። አባቴ ዕድሜ ልኩን ቀጥ ብሎ ይወጣበት የነበረው በር ጉበኑ ግንባሩን ይመታው ጀመር። በሄደ በመጣ ቁጥር “ኧህ!” ይላል፤ እናቴ ከጓዳ ሆና “ረዘምክ እኮ፣ ጎንበስ በል” ትለዋለች። እኔ ይህን የምትለው በኩራት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ደግሞ ከዚያ መስከረም ጀምሮ መንፈሳዊ ሆነች። ረቡዕና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትወጣለች። ወደ አምስት ሰዓት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትመለሳለች። በጄ፣ ‘ስለ እኔ ምስጋና እያደረሰች ነው’ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁልጊዜ ሁለት ሃይላንድ ወተት ይዛ ነው፤ “ጋዲሴ ሰላም ብላሻለች፣ ጠጪ” ትለኛለች። ጋዲሴን መንገድ ላይ የምታገኛት መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የገባችው ሦስት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች፤ “ኪዳነ ምሕረትም ይቅር ብላኛለች፤ መንገዱን አይታው” አለች።

በ2002 ሩፋኤል አራት ጣት አደግኩ። እውነተኛ አራት ጣት። ማንም እልል አላለም።

ቤታችን በ2010 ዓ.ም. ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። አባቴ መቃኑን ትቶ አልሄድም አለ። ቢራቱ ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰብሮ፣ ግንዱን ከአፈሩ እኩል ቆርጦ አወጣው፤ አምሃ በትከሻው ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ጫነው። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ የሚቆምበት በር ስላልነበረ በረንዳ ላይ ተጋድሞ ልብስ ማስጫ ሆነ። እኛም አድገን ስለነበር መለካቱ ቀረ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ አባቴ ስልክ ደወለልኝ። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፤ ብዙ ይረሳል። “ሰርክ፣ ነይና ለኪኝ” አለ። ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፌ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ደረስኩ። መቃኑን ከበረንዳ አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አቁሞታል።

“ራሴ ለክቼ አላመንኩም” አለ። “የሰው ዓይን ይሻላል።”

መዝገቡን ራሱ ላይ አጋደምኩ። ከ2001ዱ ጭረቱ በታች አራት ጣት ነበር። የእሱ ልጅ ነኝና ያየሁትን ተናገርኩ።

“አራት ጣት” አልኩት።

“አውቄዋለሁ” አለ። “ሰው ሲያረጅ ያጥራል፤ አንድ ጣት፣ ይሁን። አራት! ይኼ ወደ መሬት መግባት ነው።” ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን በቀር መውጣት ተወ። ከብሎኩ ሥር ዳማ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ልከውበት አልወረደም። “ቀሪዬ ስንት ነው? አራት ጣት በአንድ ጊዜ የሄደ ሰው...” እያለ መስኮቱ ላይ ይውላል።

ያን ዕለት እሱ ሲተኛ ከመቃኑ ፊት ተንበርክኬ ጭረቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከታች ስደርስ የእንጨቱ እግር ግራጫ ነው፤ ሲሚንቶ የተጣበቀበት፣ እንደ አምባር ዙሪያውን የያዘው ቀለበት። ያለ ምንም ሐሳብ ጣቶቼን ደረደርኩበት።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ረጅም ጊዜ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ “አሳድገኝ”፣ የቢራቱ ሳቅ፣ የአባቴ ግንባር። ወለሉ ከፍ ሲል ሁላችንም ቆመን ከፍ አልን። ቤቱ ሲፈርስ ወለሉ እዚያው ቀረ፤ ጭረቱ ግን መጣ። አባቴ ከአራቱ ጣት ሦስቱን ያጣው በዕድሜው አልነበረም።

ማድቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

“ገና አሁን ነው ያወቅሽው?” አለች። “አንቺን ነው ጎበዝ የሚሉሽ?”

“እሱስ?”

“ረስቶታል። ከልቡ ረስቶታል።”

“እንንገረው።”

“ንገሪው እስቲ። መጀመሪያ ‘አባዬ፣ ዋሽተሃል’ በይው። ከዚያ ‘አላጠርክም’ ትይዋለሽ።” ቢላዋዋን አስቀመጠች። “በሕይወቱ አንድ ውሸት ነው የዋሸው፤ እሱንም ረስቶ ንጹሕ ሆኗል። አታቆሽሺብኝ።”

ሩፋኤል እስኪደርስ አሰብኩበት። ጳጉሜን ሦስት ጠዋት እናቴና አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እነሱ ዘንድ ያደርኩት እኔ ቤት ቀረሁ። ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩ። መቃኑን አጋድሜ፣ ግራጫው የሚያልቅበት ላይ በእርሳስ አስምሬ መቁረጥ ጀመርኩ። ጽድ ክፉ ነው፤ እጄ ውሃ ቋጠረ። ስጨርስ የሦስት ጣት ጉማጅ ወደቀ። መቃኑን መልሼ አቆምኩት፣ ጠረግኩ፣ ጉማጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ያደረግኩት ማታለል ይሁን ማቃናት እስካሁን አልለየሁም።

ሲመለሱ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። “ምን ይሸታል? ጽድ ጽድ...” ዓይኗ ወለሉ ላይ ዞረ። ሶፋው ሥር የቀረ ብናኝ አየች።

“አባዬ፣ ሩፋኤል ነው፤ እንለካህ” አልኩ።

“ምን ቀረኝና!” አለ። ግን ጫማውን አወለቀ። ተጠጋ። መዝገቡን አስቀመጥኩ።

“አንድ” አልኩ።

ጠበቀ። “እሺ?”

“አንድ ብቻ ነው።”

ዞሮ አየ። በራሱ ጣት ለካ፤ ደጋግሞ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ድሮ ክዳን ከፍቶ የቆጣሪ መስታወት በሚያይበት ዓይን አየኝ።

“ሥርጉትንም ለኪያት” አለ።

እናቴና እኔ ተያየን። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ቆመች። ለካኋት። ከ2001ዱ ጭረቷ እኩል ነበረች። አባቴ ያንንም አጣራ። መቃኑን ከላይ እስከ ታች አየው፤ እግሩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆየ።

“ያየሽውን ነው የተናገርሽው?” አለኝ።

“ያየሁትን።”

“እሺ” አለ። ጫማውን አደረገ፤ ዱላውን ትቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ይሰማናል፤ አልቸኮለም፤ አልቆመምም።

ዝናቡ ጀመረ። እናቴ ብናኙን በእግሯ ወደ ምንጣፉ ሥር ገፋ ገፋ አደረገችው።

“ጉማጁን የት አደረግሽው?”

“ቦርሳዬ ውስጥ።”

“አምጪው። ይኼ የበረንዳ በር ሲላጋ ራሴን አዞረኝ።”

ሰጠኋት። የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ጉማጁን በእግሯ ከሥሩ ወሸቀችው። በሩ ቆመ። ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ የልጆች ጩኸት ሽቅብ መጣ፦ “ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!” ከመሃላቸው አንድ ወፍራም፣ የደከመ ድምፅ ትንሽ እየዘገየ ይከተል ነበር።